የኔታ የሰፏት ዶሮ

በተዳርኩ በአራተኛው ወር የባለቤቴ እናት ገናን ላሊበላ ለመሳለም ተነሡ። ባለቤቴም ስንቃቸውን በአህያ ጭኖ አብሯቸው ሄደ። እኔና የባለቤቴ አባት ቤት ልንጠብቅ ቀረን። ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ቤታችን ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከደብሩ ሥር ባለው ተዳፋት ላይ ነበር።

እኔ የደሃና ልጅ ነኝ። አምደወርቅ አጠገብ ተወልጄ አማርኛ ብቻ ስናገር አደግሁ። የባለቤቴ እናት ግን፣ እማማ ነበር የምላቸው፣ አፍ የፈቱት በኽምጣኛ ነው። የእሳቸው አማርኛ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ የእኔም ኽምጣኛ ውሃ ከመጠየቅ አይዘልም ነበር። አራቱን ወር የተግባባነው በእጅ፣ በዓይንና በፈገግታ ነው። በተነሡበት ጠዋት እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ገብስማዋ ዶሮ አመድ ላይ ተንደባልላ ላባዋን ታራግፋለች። እማማ ወደ እሷ ጠቆሙ፣ እጃቸውን ልባቸው ላይ አደረጉ፣ ከዚያ በዚያው እጅ ደረቴን ነካ አድርገው፣

«አደራ» አሉኝ።

ነገሩን ያስረዳኝ ባለቤቴ ነው፣ የአህያውን ጭነት እያጠበቀ። በጣልያን ጊዜ እማማ ወደ ዋሻ ሲሸሹ፣ ሌላውን ሁሉ ጥለው አንዲት ዶሮ ብቻ በጉያቸው ይዘው ነበር። ገብስማዋ የዚያች ዶሮ የልጅ ልጅ ናት። ከዚያ ዘር የቀረችው እሷ ብቻ።

«እና እኔን ከሷ ጋር ትተውኝ ይሄዳሉ?» አልኩት።

«አባባ አሉልሽ» አለኝና ሳቀ። የሳቀበት ምክንያት ነበረው።

የባለቤቴ አባት መሪጌታ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም እንደ አገሩ። ሥራቸው መጻፍ ነው። የፍየል ቆዳ እንጨት ላይ ወጥረው፣ ፍቀው፣ ብራና ያደርጉና በመቃ ብዕር ዳዊት ይጽፉበታል። ከዋናው ቤት ጎን ለዚሁ የሠሯት አንዲት ጎጆ አለቻቸው። እዚያ ከገቡ ለምሳ እንኳ ሁለት ጊዜ ካልተጠሩ አይወጡም። ገብስማዋን ደግሞ አይወዷትም። በዚያው መስከረም ቀለሙ ያልደረቀ ገጽ ላይ ተራምዳበት፣ የእግሯን ምልክት ለመፋቅ ሁለት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ባዩዋት ቁጥር «ይቺ ከሃዲ!» ነበር የሚሏት።

እኔና የኔታም ብንሆን እንነጋገራለን ማለት አይቻልም። ሙሽራ ነኝ። ሙሽራ በባሏ አባት ፊት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ አጣፍታ፣ መሬት እያየች፣ ብትጠየቅ በሹክሹክታ ትመልሳለች። እንዲህ ተብዬ ነው ያደግሁት። ምግባቸውን አቀርባለሁ፣ እጅ አስታጥባለሁ፣ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ እወጣለሁ። የሳቸውም ንግግር «ተባረኪ» ብቻ ነበር።

እማማ በሄዱ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ ደጅ ሰሌን ዘርግቼ ገብስ አሰጣሁ። ዶሮዎቹ እንዳይለቅሙብኝ ሽመል ይዤ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ድንገት አውራው ዶሮ አንገቱን አስግጎ ያንን ረጅም የማስጠንቀቂያ ድምፁን አሰማ። ሌሎቹ ጎተራው ሥር ገቡ። ገብስማዋ ግን ሁከቱን ተጠቅማ ወደ ገብሱ ሮጠች። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባል የለ፣ እሷ በቀን ነበር የምታልመው። ጥላ በፊቴ ሽው አለ። ቀና ስል ጭልፊት ጀርባዋ ላይ ተቀምጧል።

ሊያነሣት ሞከረ፤ ከበደችው። ክንፉን እያራገበ በመሬት ወደ ካቡ ይጎትታት ጀመር። ሽመሉን ወረወርኩ፣ ሳትኩ። ሌላ የምወረውረው ነገር አጣሁና ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፍፌ ወረወርኩት። ነጠላው ተዘርግቶ በሁለቱም ላይ ዐረፈ። ጭልፊትም ዶሮም ከሥሩ ገቡ። አሁንስ? ነጠላው ይዘላል፣ ይንከባለላል፣ ይጮኻል። እኔ ደግሞ ዙሪያውን እየዞርኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣

«ኧረ ጭልፊት! ኧረ የሰው ያለህ! የኔታ! ኧረ የኔታ ይውጡ!» እላለሁ።

የኔታ ብዕራቸውን ጆሯቸው ላይ እንደ ሰኩ ወጡ። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ የሚዘለውን ነጠላ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የነጠላውን ጥለት ያዙና ገለበጡት። ጭልፊቱ እንደ ተቆጣ ሹም ተኮሳትሮ አየንና ተነሥቶ በረረ።

የኔታ አፋቸውን ይዘው እኔን ማየት ቀጠሉ።

«አንቺ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለካ አፍ አለሽ!»

ያን ጊዜ ነው ራሴን እንዳልተከናነብኩ ያወቅሁት። በድንጋጤ ያንኑ ነጠላ አንሥቼ ተሸፈንኩ። ደም በደም ሆኗል፤ ላባም ተጣብቆበታል። የኔታ ፊታቸውን አዞሩ። ሲስቁ እንዳላያቸው ነው።

ገብስማዋ ግን የሚያስቅ አልነበራትም። ጀርባዋ ላይ ሁለት ጥልቅ ቀዳዳ፣ የግራ ክንፏ ወደ መሬት የተጎተተ፣ የደረቷ ላባ የተነቀለ። ዓይኗን ጨፍና ጭኔ ላይ ተኛች። የልቧን ምት በእጄ ቆጠርኩት ልል ነበር፤ እንዲያው ከመፍጠኑ የተነሣ የሚቆጠር አልነበረም። ለብ ያለ ውሃ በጨው አዘጋጀሁና ቁስሏን አጠብኩ። የኔታ ሳልጠይቃቸው ከጎጆአቸው በቀንድ የያዙትን ነጭ ማር አመጡልኝ። ማሩን ቀዳዳዎቹ ላይ አፈሰስን፤ ክንፏንም በጨርቅ ጥብጣብ ከሰውነቷ ጋር አሰርኩት።

ጩኸቴን የሰማች ጎረቤታችን ይሄን ጊዜ ደረሰች። ጥሩ ሴት ናት፣ ምላሷ ብቻ ይቀድማታል። ዶሮዋን አገላብጣ አየች።

«ይቺ የምትድነው ድስት ውስጥ ነው» አለች።

«ጾም ነው እኮ እትዬ!» አልኳት።

«አውቃለሁ ጾም መሆኑን። እስከ ገና አቆያት። ዕድለኛ ናት፣ በፍስክ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ነበር።»

እንግዲህ ገብስማዋን መጀመሪያ ያዳናት ጾመ ነቢያት ነው ማለት ይቻላል።

ሌላ ችግር መጣ። ዶሮ ደም ያየባትን ዶሮ አይምርም፤ የገዛ እኅቶቿ ቁስሏን እየጠቀጠቁ ይገድሏታል። ለብቻዋ የምትሆንበት ቦታ ያስፈልጋል። በዋናው ቤት ውስጥ ድመቷ አለች፣ ጎተራው ሥር ዶሮዎቹ። የቀረው የየኔታ ጎጆ ነው። በሩ ላይ ሄጄ ዶሮዋን ታቅፌ ቆምኩ። እንደ ሙሽራ መሬት መሬት አየሁ።

«እዚህ?» አሉ የኔታ። «ከብራናዬ ጋር? ይቺ ከሃዲ?»

ዶሮዋን ወደ ደረቴ አስጠጋኋት።

«ለሦስት ቀን ነው። እንቅብ ይደፋባት።»

እንቅብ ደፋሁባት። በጣልያን ቆርቆሮ ውሃ፣ በሸክላ ስባሪ የተፈጨ ገብስ አስቀመጥኩላት። በማግሥቱ ዓይኗን ገለጠች፤ በሦስተኛው ቀን ቆመች። ቁስሉም ማሩን ጠጥቶ ደረቀ። ሦስቱ ቀን ቢሞላም የኔታ ዶሮዋን አውጪልኝ አላሉም። እንዲያውም አንድ ከሰዓት ምሳ ልጠራቸው ስሄድ ድምፃቸውን ሰማሁ። ሰው መጥቶ መስሎኝ ቆምኩ። ለካ ለገብስማዋ የጻፉትን እያነበቡላት ኖሯል።

በአምስተኛው ጠዋት ገብስ ሳቀርብላት ፊቷን አዞረች። አንገቷን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች፣ የሆነ ነገር እንደ ተሰነቀረባት ሰው። ዶሮ የበላችው እህል መጀመሪያ የሚጠራቀመው ከአንገቷ ግርጌ ባለች ከረጢት ውስጥ ነው። እናቴ ብዙ ዶሮ ታረባ ስለነበር አውቃታለሁ፤ ማታ ትሞላለች፣ ሌሊቱን ትፈጫለች፣ ጠዋት ባዶ መሆን አለባት። እጄን ብሰድ የገና ኳስ የሚያህል ነገር ያዝኩ። አፏን ሳሸተው እንደ ቆየ ሊጥ ኮመጠጠኝ።

መሬት ማየቱን ትቼ ቀጥ ብዬ የኔታን አየኋቸው።

«የኔታ፣ ይቺ ዶሮ ምን በላች?»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ጢማቸውን ዳሰሱ።

«እንቅቡን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አነሣላት ነበር» አሉ። «ታሳዝነኛለች። ታለቅሳለች እኮ።»

«እሺ?»

«ፍቅፋቂውን ትለቅም ነበር። ከብራናው ላይ የሚረግፈውን። ቆዳ ነው፣ ሥጋ ነው፣ ምን ይጎዳታል ብዬ ተውኳት።» ቀጥሎም፣ ራሳቸው ሲሰሙት የገባቸው ይመስል፣ «ፍቅፋቂ ደግሞ በውሃ ሲርስ ያብጣል። ሙጫ የምንሠራው ከሱ ነው» አሉ።

ሁለታችንም ዶሮዋን አየናት። ሙጫ ውጣ ቆማለች።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ገብስማዋ የየኔታ ጉዳይ ሆነች። እኔ ተልባ በጥብጬ አጠለልኩ፤ እሳቸው አንድ ጥሩ መቃ መርጠው ሁለቱን ጫፍ ቆረጡና ቱቦ አደረጉት። እኔ አፏን ስከፍት እሳቸው የተልባውን ውሃ በመቃው ያንጠባጥባሉ። ከዚያ ከረጢቷን በጣታችን ቀስ አድርገን እናሻታለን፣ አንዴ እኔ፣ አንዴ እሳቸው። አንድ ጊዜ እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት ወደ ታች ዘቅዝቄ ይዤ የኮመጠጠውን ውሃ ላወጣላት ፈለግሁ። አወጣሁትም። ሁሉም የየኔታ ጋቢ ላይ።

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ!»

«ግድ የለም። ጋቢ ይታጠባል። ተጨማሪ አለ?»

ሁለት ቀን እንዲህ ሆንን። ውሃው ይወጣል፣ ኳሱ ግን ባለበት ነው። ገብስማዋ እየቀለለች ሄደች፤ ሳነሣት ላባ ብቻ የያዝኩ ይመስለኝ ጀመር። ማጀት ገብቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለዶሮዋ ይሁን፣ ወይስ እማማ ሲመጡ በምን አማርኛ፣ በምን ኽምጣኛ እንደምነግራቸው በማሰብ፣ አላውቅም።

በሦስተኛው ጠዋት የኔታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ማጀቱ በር ላይ ቆሙ። ወንድ እዚያ አይመጣም፤ ደነገጥኩ።

«ስሚ» አሉኝ። «ብራና ሲፋቅ ይቀደዳል። የተቀደደ ብራና አይጣልም፤ ይሰፋል። እኔ አርባ ዓመት ስሰፋ ኖሬያለሁ። የዶሮ ቆዳ ከፍየል ቆዳ ይቀጥናል እንጂ ያው ቆዳ ነው።»

«የኔታ… ሊቀዷት ነው?»

«ዛሬ ካልቀደድናት ነገ ትሞታለች። ከቀደድናት ወይ ትሞታለች ወይ ትድናለች። ሁለተኛው ይሻላል።»

ውሃ አፈላሁ። ጎረቤታችን ዘንድ ሄጄ አረቄ ለመንኩ፤ «በጠዋቱ? ምነው ሙሽሪት?» ብላ ሰጠችኝና ጉዱን ልታይ ተከትላኝ መጣች። የኔታ ጎጆው ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው ቦታ ቁርበት አነጠፉ። ትንሿን ካራቸውንና መርፌያቸውን በአረቄ አጠቡ። ለብራና የሚሰፉበትን ጅማት ከሁሉ የቀጠነውን መርጠው ነከሩ። ከዚያ ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ጎረቤታችንም፣ ለዶሮ ጸሎት ተደርጎ አይታ ባታውቅም፣ አብራ አማተበች።

ዶሮዋን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስተኛኋት፤ ራሷንም ሸፈንኳት። የደረቷን ላባ ነቀልን። የኔታ ካራውን ሲያነሡ ፊቴን አዞርኩ።

«ስለ እናትሽ ዶሮዎች ንገሪኝ» አሉ።

«አሁን?»

«አሁን። እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው። ወሬ የያዘች ሴት እጇ አይንቀጠቀጥም።»

ነገርኳቸው። እናቴ አንዲት ቀይ ዶሮ ነበረቻት፣ ከአባቴ ኮርቻ ላይ በቀር እንቁላል አልጥልም ያለች። አባቴ ለገበያ በተነሣ ቁጥር በቅሎዋ ደጅ ቆማ፣ ኮርቻው በዶሮ ተይዞ፣ እናቴ «ትንሽ ታገሥ፣ ልትጨርስ ነው» እያለች። አንድ ቀን አባቴ ቸኩሎ ሳያይ ጭኖ ወጣና አምደወርቅ ሲደርስ ሱሪው… እዚህ ላይ የየኔታ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አታስቂኝ» አሉ። «እጄ ይስታል።»

ካራው ቆዳውን ከፍቶ ነበር፤ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ብቻ። ከሥሩ ከረጢቷ ታየች፣ ተወጥራ። እሷንም ከፈቱ። ሽታው ጎረቤታችንን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መለሳት። የኔታ በሁለት ጣታቸው ጎተቱ፣ ጎተቱ። ግራጫ ነገር ወጣ፤ ፍቅፋቂ ከፍየል ጠጉር ጋር ተጠላልፎ፣ ጭድ ተጨምሮበት፣ እንደ ገመድ የተገመደ። የወጣውን በቅጠል ላይ አስቀመጥነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያች ትንሽ ፍጥረት ውስጥ መውጣቱን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

ውስጧን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠብንላት። ከዚያ የኔታ መስፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ከረጢቷን ለብቻዋ፣ ቀጥሎ ቆዳውን ለብቻው። «አንድ ላይ ከሰፋኋቸው ይጣበቃሉ፤ ስትውጥ ይይዛታል» አሉ። ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም። ስፌቱ እንደ ፊደላቸው ነበር፣ እኩል፣ ጥብቅ፣ አንዱ ከአንዱ የማይበላለጥ። ሲጨርሱ በጥርሳቸው ሊበጥሱት አጎነበሱና ዶሮ መሆኗ ትዝ አላቸው፤ በካራው ቆረጡት።

ማር ቀባናት። ነጠላውን ስገልጥ ገብስማዋ አንድ ዓይኗን ከፍታ የኔታን አየቻቸው።

«አትፍሪ» አሏት። «ከሃዲ አልልሽም ከእንግዲህ።»

ያን ቀን ውሃ ብቻ ሰጠናት። በማግሥቱ የገብስ ዱቄት ቀጭን አድርጌ አፍልቼ በማንኪያ አቀመስኳት። ዋጠች። ከረጢቷን ዳሰስኩ፤ እርጥበት የለም፣ ስፌቱ አያፈስም። ግን ወደ ውስጥ የገባው ወደ ታች መውረዱን በምን እናውቃለን? አንድ ማረጋገጫ ብቻ ነው ያለው። የኔታ እሱን ሲጠብቁ ሥራ ፈቱ። ቀለሙ በቀንዱ ውስጥ ደረቀ።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ፣ የኔታ በሩጫ ከጎጆው ወጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ልጄ! ነይ! ነይ! ጣለች!»

ጎረቤታችን ከካቡ ማዶ አንገቷን አወጣች። «ተመስገን! በዚህ ቁስሏ እንቁላል ጣለች?»

«ምን እንቁላል!» አሉ የኔታ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ «ኩስ! ኩስ ነው የጣለችው!»

እንስራውን እንዳዘልኩ ካቡ ላይ ተደግፌ ሳቅሁ። ጎረቤታችን መሬት ቁጭ አለች። የኔታ ያሉት ለራሳቸው የገባቸው ዘግይቶ ነው፤ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ማለቴ ነው» አሉና ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ማጣፋቱን ተውኩት። እሳቸውም አላስተዋሉም፣ ወይም እንዳላስተዋሉ ሆኑ።

ገና ገባ። ጎረቤታችን በጠዋቱ መጥታ እንኳን አደረሳችሁ አለችና በዓይኗ ጓሮውን ቃኘች።

«እንግዲህ ጾሙ ተፈታ» አለች። «ትንሽ ሥጋ ብታወጣ ይሻል ነበር እንጂ እንደሆነች ትሁን።»

«በእጄ የሰፋሁትን አልበላም» አሉ የኔታ።

እሷም ሳቀችና ከበጋቸው ሽንጥ ቆርጣ አመጣችልን። ገብስማዋ በዓሉን ያከበረችው ጎጆው ደጃፍ ላይ፣ የረጠበ እንጀራ ፍርፋሪ ከየኔታ መዳፍ እየለቀመች ነው። ፍቅፋቂው በየቀኑ ተጠርጎ በክዳን ይዘጋል፤ የሚጠርጉትም ራሳቸው ናቸው።

እማማና ባለቤቴ በዓሉ በዋለ በስድስተኛው ቀን፣ አቧራ ለብሰው፣ እግራቸው ተላልጦ ደረሱ። እኔና የኔታ ስለ ነገሩ ተማክረን ነበር። መጀመሪያ ያርፋሉ፣ እግራቸው ይታጠባል፣ ይበላሉ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይነገራቸዋል። ምክሩን ለገብስማዋ የነገራት የለም። እማማ ገና ደጁን ሲረግጡ ድምፃቸውን ሰምታ ከጎጆው ሮጣ ወጣች፣ ክንፏ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ደረቷ ተላጭቶ፣ ስፌቷ እንደ ጌጥ ፊት ለፊት እየታየ።

እማማ በትራቸውን ጣሉ። ዶሮዋን አነሡ። ጣታቸውን በጀርባዋ ጠባሳ ላይ አሳለፉ፣ ከዚያ በደረቷ ስፌት ላይ፣ አንድ በአንድ። የኔታ ጣራውን ያዩ ጀመር። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እማማ ዞረው እኔን አዩኝና፣ ከእሳቸው ሰምቼው በማላውቀው ረጅም አማርኛ፣

«ማን ሰፋ ይቺን?» አሉ።

በከንፈሬ ወደ የኔታ ጠቆምኩ።

እማማ ባላቸውን አዩ፣ ዶሮዋን አዩ፣ መልሰው ባላቸውን አዩ። ከዚያ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሳቃቸው ፈነዳ፤ ዶሮዋን ታቅፈው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ባለቤቴም እየሳቀ ነው። የኔታ ብቻ ጆሯቸው ቀላ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«‹ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን የተቀደደ ቀሚሴን ሰፍተውልኝ አያውቁም› ነው የሚሉት።»

ያን ከሰዓት ታሪኩን ከመጀመሪያው ተናገርኩ፤ ባለቤቴ ወደ ኽምጣኛ ይመልሳል። የኔታ መሐል መሐል እየገቡ ያርሙኛል፤ ከረጢቷ የተሰፋችው በዘጠኝ ስፌት እንጂ በሰባት እንዳልሆነ፣ ጭልፊቱም እኔ ካልኩት በላይ ትልቅ እንደነበር። ወሬው እንቅቡ ጋ ሲደርስ ራሳቸው ተናዘዙ። እማማ እንደ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ኩሱ ጋ ስደርስ ትርጉም ሳይጠብቁ ሳቁ፤ የየኔታ እጆች ወደ ሰማይ እንደ ተዘረጉ ሳሳያቸው ገብቷቸው ኖሯል።

ወሬው ከእኛ ግቢ ለመውጣት ሁለት ቀን አልፈጀበትም፤ ጎረቤታችን ምስጋና ይግባት። በጥምቀት ሰሞን አንድ ሰው እግሯ የተሰበረ ፍየል ተሸክሞ ከሰቆጣ ማዶ ድረስ መጣ። የኔታ ተቆጡ። «እኔ ዳዊት ጸሐፊ ነኝ!» ብለው በሩን ዘጉ። ሰውየው ሳይሄድ ደጅ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና «እስቲ ወደ ብርሃኑ አምጣት» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ አረቄ ከቤታችን አልጠፋም፤ ለጠጪ አይደለም እንጂ።

የገብስማዋ የደረት ላባ በጥር መጨረሻ ተመለሰ። ክንፏ እንደ ዘነበለ ቀረ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላል መጣል ጀመረች። እንቁላል የማይበላበት ወር ነው፤ ሁሉም ለእሷ ተረፈ። እማማ አሥራ ሁለቱን መርጠው አሳቀፏት። ያን ጊዜ እማማና እኔ በየቀኑ እየተማማርን ነበር፤ እሳቸው አንድ የኽምጣኛ ቃል፣ እኔ አንድ የአማርኛ። ስሳሳት ይስቁብኛል፣ ሲሳሳቱ እስቅባቸዋለሁ። የኔታ ከጎጆአቸው ሆነው ሁለታችንንም ያርሙናል።

የፋሲካ ሳምንት ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። እማማ ጫጩቶቹን በእንቅብ ይዘው ወደ ፀሐይ አወጧቸው፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። አንድ በአንድ እያነሡ፣ እግራቸውንና ክንፋቸውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱን መርጠው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፣ አንዷን ገብስማ፣ አንዷን ነጭ።

«ያንቺ» አሉኝ።

ሁለቱም ሴት ሆነው አደጉ።